ዜሮው ከየት መጣ? ስለ ኢትዮጵያውያን የኒያንደርታል ውርስ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በሜሪላንድ የምኖር ኢትዮጵያዊት ነኝ። ከባለቤቴ ጋር የምራቅ ምርመራ አድርገን ነበር፤ እሱ የጀርመን ዝርያ ያለው አሜሪካዊ ነው። ውጤቱ ሲመጣ የኒያንደርታል ምልክት በሁለታችንም ተገኘ። የእኔ ከእሱ በጣም ያነሰ ቢሆንም አለ። እኔ ደግሞ አፍሪካውያን የኒያንደርታል ዘር የለባቸውም ሲባል ነው የሰማሁት። ምርመራው ተሳስቶ ነው ወይስ እኔ የማላውቀው ነገር አለ? ሴት ልጃችንስ የቱን ያህል ትወርሳለች?»

ምላሽ፦

የተከበሩ ጠያቂ፣

በመጀመሪያ ስጋትዎን ላቃልል፤ ምርመራው ያልሆነ ነገር አልነገርዎትም። በአንድ ኢትዮጵያዊ፣ በተለይም ወላጆቹ ከሰሜኑ፣ ከመካከለኛው ወይም ከምሥራቁ የአገራችን ክፍል በሆኑ ሰው ላይ፣ ከአውሮፓዊ ያነሰ ነገር ግን ከዜሮ በግልጽ የሚበልጥ የኒያንደርታል ውርስ ቢገኝ የሚጠበቅ ነው። መታረም ያለበት «አፍሪካውያን የለባቸውም» የሚለው አባባል ነው። አባባሉ ፈጠራ አይደለም፤ በ2010 ከወጣ እውነተኛ ጥናት የተቀዳ ነው። ሆኖም ከጥናቱ ወደ ዜና፣ ከዜናው ወደ ሰው አፍ ሲሸጋገር አንድ ትልቅ ነገር በመንገድ ላይ ጠፍቶበታል። የጥያቄዎ መልስ ያለው በዚያ በጠፋው ነገር ውስጥ ስለሆነ፣ ወደ ቁጥሮቹ ከመግባታችን በፊት በእሱ ላይ ጥቂት መቆየት ይኖርብናል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኒያንደርታሎች፣ ማለትም ለእኛ የቅርብ ዘመድ የነበሩና ዛሬ የጠፉ ጥንታዊ ሰዎች፣ ስማቸውን ያገኙት በ1856፣ በጀርመን አገር ከዱሰልዶርፍ ከተማ አጠገብ በሚገኘው የኒያንደር ሸለቆ፣ የኖራ ድንጋይ የሚፈልጡ ሠራተኞች ከአንድ ዋሻ ካወጧቸው አጥንቶች ነው። ቦታው የባለቤትዎ አያቶች አገር መሆኑ አጋጣሚ ነው እንጂ ኒያንደርታሎች የጀርመን ብቻ አልነበሩም፤ መኖሪያቸው ከምዕራብ አውሮፓ እስከ መካከለኛው ምሥራቅ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ሳይቤሪያ አልታይ ተራሮች የተዘረጋ ነበር። የጠፉት ከዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። በአፍሪካ ምድር እስከ ዛሬ አንድም የኒያንደርታል ቅሪተ አካል አልተገኘም። በዚህ አህጉር ላይ የነበሩት የእኛው የሆሞ ሳፒየንስ ቀደምቶች ናቸው፤ በኦሞ ኪቢሽ የተገኘው ቅሪተ አካል በ2022 በወጣው አዲስ ልኬት 230,000 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ዕድሜ እንዳለው ተገምቷል፤ በአፋር የተገኘው የሄርቶ ሰው ደግሞ የ160,000 ዓመት ነው። ሁለቱ የሰው ዘር ቅርንጫፎች ከጋራ ግንዳቸው የተለያዩት ከዛሬ ግማሽ ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ምናልባትም ከዚያ ቀደም ብሎ ነው።

ሁለቱ ተመልሰው ተገናኝተው ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ የሚመለሰው በራስ ቅል ቅርጽ ክርክር ብቻ ነበር። በ1997 የሥነ ዘረመል ተመራማሪው ስቫንቴ ፔቦና ባልደረቦቻቸው ከዚያው በ1856 ከተገኘው አጥንት፣ ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የሚተላለፈውን የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ አውጥተው ሲያነቡ፣ ዛሬ በሕይወት ካለ ሰው ሁሉ የተለየ ሆኖ አገኙት። ብዙዎቻችን «እንግዲያው አልተዋለዱም» ብለን ደመደምን። ፈጥነን ነበር፤ ሚቶኮንድሪያ የአንዲት የእናት መስመር ምስክር ናትና ስለ ሌሎቹ ሺህ መስመሮች የምትናገረው የላትም። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ በላይፕሲክ ከተማ ማክስ ፕላንክ ተቋም የሚገኘው ያው ቡድን ክሮኤሽያ ውስጥ ቪንዲያ ከሚባል ዋሻ ከተገኙ ሦስት አጥንቶች የኒያንደርታልን ጂኖም፣ ማለትም የሙሉ ዲኤንኤውን ጽሑፍ፣ ረቂቅ አዘጋጅቶ፣ በዘመናችን ካሉ አምስት ሰዎች ጋር አነጻጸረው፤ ከአንድ ፈረንሳዊ፣ ከአንድ ቻይናዊ፣ ከአንድ የፓፑዋ ኒው ጊኒ ሰው፣ ከአንድ የደቡብ አፍሪካ ሳን እና ከአንድ የናይጄሪያ ዮሩባ።

ንጽጽሩ የተሠራው እንዲህ ነው። ፈረንሳዊውና ዮሩባው በዲኤንኤ ፊደላቸው የሚለያዩባቸው ቦታዎች ይመረጡና፣ ኒያንደርታሉ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ከማን ጋር እንደሚገጥም ይቆጠራል። መዋለድ ያልነበረ ቢሆን ኖሮ ኒያንደርታሉ ከሁለቱም እኩል የሚርቅ ዘመድ ስለሚሆን ቆጠራው እኩል በእኩል በወጣ ነበር። አልወጣም፤ ሚዛኑ ወደ ፈረንሳዊው አጋደለ። ይበልጥ ያስገረመው በቻይናዊውና በፓፑዋው በኩልም በተመሳሳይ መጠን ማጋደሉ ነው፤ በፓፑዋ ኒያንደርታል ኖሮ አያውቅምና። ስለዚህ መዋለዱ የተፈጸመው የእነዚህ ሁሉ ሕዝቦች አያቶች ከአፍሪካ ወጥተው ገና ሳይበታተኑ፣ ምናልባትም በምዕራብ እስያ በነበሩበት ጊዜ መሆን አለበት ተባለ። መጠኑም ከአፍሪካ ውጭ ባሉ ሰዎች ጂኖም ውስጥ ከ1 እስከ 4 ከመቶ ተብሎ ተገመተ። የተሻለ ጥራት ያለው ንባብ በ2017 ሲወጣ ግምቱ ከ1.8 እስከ 2.6 ከመቶ ወደሚለው ጠበበ።

አሁን የጠፋውን ነገር እንያዝ። ይህ ስሌት የልዩነት ስሌት ነው። የሚነግረን ፈረንሳዊው ከዮሩባው ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው እንጂ ዮሩባው ራሱ ምን ያህል እንዳለው አይደለም። የራስ ዳሸንን ከፍታ ከደባርቅ ተነሥቶ የሚለካ ሰው ተራራው ከደባርቅ በምን ያህል እንደሚበልጥ በትክክል ይነግረናል፤ ደባርቅ ግን በባሕር ወለል ላይ ናት ማለቱ አይደለም። በ2010ሩ ጥናትና ከእሱ በኋላ በወጡ በርካታ ጥናቶች አፍሪካውያን ናሙናዎች የመለኪያው መነሻ ተደርገው ተቀመጡ። ዜሮ ላይ የተቀመጡት ተለክተው አልነበረም፤ መለኪያው ከእነሱ ስለሚጀምር ነው። የሥነ ዘረመል ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር፤ ጽሑፎቹም በጥንቃቄ ለሚያነብ ሰው ይናገሩታል። ወደ ሕዝብ ሲደርስ ግን መነሻው ግኝት መስሎ ታየ፤ «አፍሪካውያን ዜሮ ናቸው» ተባለ፤ «አፍሪካውያን» የሚለው ቃልም ከዮሩባና ከሳን አልፎ እርስዎንም እኔንም ጨምሮ መላውን አህጉር ዋጠ።

መነሻውን ለማስወገድ ሌላ ዓይነት ስሌት ያስፈልግ ነበር። በ2020 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የጆሹዋ ኤኪ ቡድን የእያንዳንዱን ሰው ጂኖም በቀጥታ ከኒያንደርታል ጂኖም ጋር የሚያስተያይ፣ አፍሪካውያንን እንደ ዜሮ የማይቆጥር ዘዴ አቀረበ። በዚህ ዘዴ ከኬንያ፣ ከናይጄሪያ፣ ከጋምቢያና ከሴራሊዮን በተወሰዱ ናሙናዎች በአማካይ በአንድ ሰው 17 ሚሊዮን ያህል የዲኤንኤ ፊደላት ከኒያንደርታል ጋር የሚጋሩ ሆነው ተገኙ፤ በአውሮፓውያን ቁጥሩ 51 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ኢትዮጵያውያን በናሙናው ውስጥ አልነበሩም። ይሁንና ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ የታየው ነገር፣ ከደባርቅ በታችም ብዙ ምድር እንዳለ ነው።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አንባቢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚስቱት ይህን ነው። አንድ የዲኤንኤ ቁራጭ በእኛም በኒያንደርታልም ዘንድ መገኘቱ ከእነሱ ወደ እኛ መምጣቱን አያረጋግጥም። በጎረቤትዎ ቤት የእርስዎን የመሰለ መሶብ ቢያዩ፣ እርስዎ ከእሷ ተውሰው ሊሆን ይችላል፤ እሷ ከእርስዎ ተውሳ ሊሆን ይችላል፤ ሁለታችሁም ከአንዲት ባለ እጅ ገዝታችሁ ሊሆን ይችላል። በዘረመልም እንዲሁ ነው። ከዛሬ 200,000 እስከ 250,000 ዓመት ገደማ በፊት ከአፍሪካ የወጡ፣ ነገር ግን በዛሬዎቹ ሰዎች ላይ የራሳቸውን አሻራ ሳይተዉ የቀሩ ጥንታዊ ሆሞ ሳፒየንሶች ከኒያንደርታሎች ጋር ተዋልደው የእኛን ዲኤንኤ ለእነሱ ሰጥተዋል። በዚህ ምክንያት ወደ አፍሪካ ውስጥ ገብተን ስንፈልግ «የኒያንደርታል» የሚመስለን ብዙ ቁራጭ በእውነቱ ከአፍሪካ ወጥቶ ኒያንደርታሎች ዘንድ የቀረ የእኛው ንብረት ነው።

ይህን መንታ መንገድ ለይቶ ለማየት የሞከረውና ለጥያቄዎ በቀጥታ የሚጠቅመው ጥናት በ2023 የወጣው ነው። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሳራ ቲሽኮፍ ቡድን ከሰሃራ በስተደቡብ ካሉ 12 ሕዝቦች የተገኙ 180 ሰዎችን ሙሉ ጂኖም መርምሯል፤ ኢትዮጵያውያንም ነበሩበት። በአብዛኞቹ ሕዝቦች ዘንድ ከኒያንደርታል ጋር የሚመሳሰለው ክፍል በዋናነት ከላይ የገለጽሁት፣ ከእኛ ወደ እነሱ የተሻገረው ሆኖ ተገኘ። ከአፍሪካ ውጭ የተመለሰ ዘር ባላቸው ሕዝቦች ዘንድ ግን ከዚህ በተጨማሪ እስከ 1 ከመቶ የሚደርስ፣ በእርግጥ ከኒያንደርታል የመጣ ውርስ ታየ። ጎልቶ ከታየባቸው መካከል የኢትዮጵያ አማራና የካሜሩን ፉላኒ ይገኙበታል። ይህ ውርስ ኒያንደርታል ራሱ ወደ አፍሪካ መጥቶ ያስቀመጠው አይደለም። ከኒያንደርታል ጋር የተዋለዱት ሰዎች ልጆች፣ ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከሰሜን አፍሪካ በኩል ወደዚህ ሲመለሱ በደማቸው ይዘውት የመጡት ነው።

ስለዚህ መመለስ በአገራችን ያለን መረጃ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የተሻለ ነው። በ2012 በሉካ ፓጋኒ መሪነት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር እንዳሻው በቀለ በተሳተፉበት ጥናት፣ ሴማዊና ኩሻዊ ቋንቋ የሚናገሩ ኢትዮጵያውያን ከጂኖማቸው ከ40 እስከ 50 ከመቶ የሚሆነው ከአፍሪካ ውጭ ካለ፣ ለምሥራቃዊ ሜዲትራኒያን ሕዝቦች ከሚቀርብ ምንጭ እንደሆነ ተገልጿል። እንደ ጉሙዝና አኙዋክ ባሉ ሕዝቦች ዘንድ ግን ይህ ክፍል እጅግ ትንሽ ነው። የቅልቅሉ አማካይ ጊዜ ከዛሬ 3,000 ዓመት ገደማ በፊት ተብሎ ተገመተ። ያን ጊዜ በርካታ የዜና አውታሮች ሮጠው ወደ ንግሥተ ሳባ ሄዱ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ በተለያየ ዘመን በተደጋጋሚ የገቡ ሰዎችን አንድ ላይ ደምሮ የሚሰጥ አማካይ ቀን የአንድ ንግሥት ጉዞ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ታሪኩም ለመክበር የእኛን ስሌት አይጠብቅም።

ይህ ቅልቅል ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ሁኔታ የሚያሳየን ደግሞ በጋሞ ደጋማ ምድር በሞጣ ዋሻ የተገኘው ሰው ነው። ከ4,500 ዓመት በፊት የኖረው ይህ ሰው ባይራ ተብሏል፤ በጋሞኛ የበኩር ልጅ ማለት ነው፤ ስሙም ይገባዋል፤ ሙሉ ጂኖሙ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ አፍሪካዊ ነውና። ጥናቱ በ2015 ሲወጣ በባይራ ጂኖም ውስጥ ያ ከውጭ የተመለሰው ዘር እንደሌለ፣ ዛሬ በጣም የሚቀርበውም ለአሪ ሕዝብ እንደሆነ አሳየ። አዘጋጆቹ ግን አንድ እርምጃ አልፈው፣ የተመለሰው ዘር እስከ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ድረስ፣ እስከ ዮሩባና እስከ ምቡቲ ሳይቀር መድረሱን ጻፉ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ስሕተት ተገኘ፤ ሁለት የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን ለማጣጣም መደረግ የነበረበት አንድ ሥራ ተዘልሎ ነበር። አዘጋጆቹ በ2016 በግልጽ አረሙት። ስለ ምሥራቅ አፍሪካ የተባለው ጸና፤ ስለ መላው አፍሪካ የተባለው ወደቀ። ይህን የማነሳው ለማሳጣት አይደለም፤ በኢንተርኔት ላይ የታረመው ሳይሆን ያልታረመው ጽሑፍ ዛሬም እንደሚዞር ስለማውቅ ነው። ያጋጥምዎ ይሆናል።

እንግዲህ የእርስዎ ቁጥር ለምን ከባለቤትዎ እንደሚያንስ በጣት ቆጥሮ መድረስ ይቻላል። ከጂኖምዎ ግማሽ የማይሞላው ክፍል ከተመለሱት ሰዎች የመጣ ነው እንበል፤ ያ ክፍል 2 ከመቶ ያህል የኒያንደርታል ውርስ ቢይዝ፣ ከጠቅላላው ጂኖምዎ የሚደርሰው 1 ከመቶ ወይም ከዚያ ያነሰ ይሆናል። ወደ «ያነሰ» የማጋድልበት ምክንያት አለኝ። የመካከለኛው ምሥራቅ ቀደምት ገበሬዎች ጂኖም በ2016 ሲጠና፣ ከግንዳቸው ሰፊ ድርሻ ያለው ከኒያንደርታል ጋር እምብዛም ካልተዋለደ፣ አጥንቱ ገና ካልተገኘና በስሌት ብቻ ከሚታወቅ ጥንታዊ ሕዝብ የመጣ ሆኖ ተገኝቷል። ወደ እኛ የተመለሱት ሰዎች የእነዚህ ገበሬዎች ዘመዶች ስለሆኑ ይዘውት የመጡት ውርስ ከመጀመሪያውም የቀጠነ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ነባሩ ሕዝብ ዳግመኛ አቀጠነው።

ከዚህ ተነሥቶ «የኒያንደርታል ቁጥሩ ዝቅ ያለ እሱ ነባር ነው፣ ከፍ ያለ እሱ መጤ ነው» የሚል ቆጠራ የሚጀምር ሰው አይጠፋም፤ በዚህ ዘመን በአገራችን ይህ ዓይነቱ ንግግር ወዴት እንደሚያደርስ ሁላችንም ስላየን ዝም ብዬ አላልፈውም። ጂኖሙ ራሱ ይህን ቆጠራ አይቀበለውም። በዚያው የ2012 ጥናት ውስጥ ሰፊ የውጭ ድርሻ የታየባቸው ሕዝቦች ቀሪው ግማሽ ከዚህ ምድር ሌላ የመጣበት አገር የለውም። የተመለሱትም ሰዎች የራቁ አያቶቻቸው የወጡት ከአፍሪካ ነው። በአንድ ሰው ጂኖም ውስጥ ቤተኛውም ተመላሹም በእያንዳንዱ ክሮሞዞም (ዲኤንኤው ተጠቅልሎ በሚቀመጥበት ዘንግ) ላይ ተሰበጣጥረው ስለሚገኙ ነባሩን ከመጤው የሚለይ ድንበር በሰዎች መካከል ሊሰመር አይችልም፤ ቢሰመርም የሚያልፈው በእያንዳንዳችን ገላ መሐል ነው። እርስዎ አፍሪካዊ ነዎት ወይ የሚለው የጥያቄዎ ስውር ክፍል በዚህ የተመለሰ ይመስለኛል።

መዋለዱ መቼ እንደተፈጸመ የሚታወቀው በቁራጮቹ ርዝመት ነው። ከአንድ አያት የተወረሰ ረጅም የዲኤንኤ ክር በየትውልዱ ይቆራረጣል፤ ባለ መቶ ብር ኖት ወደ አሥር፣ አሥሩ ወደ አምስት፣ አምስቱ ወደ ሳንቲም እንደሚመነዘር ማለት ነው፤ በሕዝቡ ኪስ ያለው ጠቅላላ ገንዘብ ያው ሆኖ ቁርጥራጩ ግን ይደቃል። ሳይቤሪያ ውስጥ ኡስት ኢሺም በሚባል ቦታ የተገኘውና ከ45,000 ዓመት በፊት የኖረው ሰው ከእኛ በብዙ የሚረዝሙ የኒያንደርታል ቁራጮች ነበሩት፤ ለመዋለዱ ዘመን ይበልጥ ቅርብ ነበርና። ከዚህ ሁሉ የሚደንቀኝ ግን በሩማንያ ኦአሴ ዋሻ የተገኘው፣ ከ37,000 እስከ 42,000 ዓመት ዕድሜ ያለው ሰው ነው። በ2015 ጂኖሙ ሲነበብ ከ6 እስከ 9 ከመቶ የሚሆነው የኒያንደርታል ሆኖ ተገኘ፤ የኒያንደርታል አያቱ የነበሩትም ከእሱ ከአራት እስከ ስድስት ትውልድ ብቻ ቀድመው ነው። በእኛ አገር ለጋብቻ ዘመድ የሚቆጠረው እስከ ሰባት ቤት አይደለም? በዚያ ቆጠራ ቢሄድ የኦአሴው ሰው ለኒያንደርታሎች የሥጋ ዘመድ ነበር፤ ልጃቸውን ሊያገባ አይፈቀድለትም። የሚገርመው የእሱ ወገኖች በዛሬዎቹ አውሮፓውያን ላይ የተለየ አሻራ ሳይተዉ መቅረታቸው ነው። በሁላችን ዘንድ የሚገኘውን ውርስ ያስቀመጠው ዋናው መዋለድ በ2024 በወጣ ስሌት ከዛሬ 50,500 እስከ 43,500 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ወደ 7,000 ዓመት ለሚጠጋ ዘመን የቀጠለ ነው። የአንድ ሌሊት ጉዳይ አልነበረም፤ ከሁለት መቶ የሚበልጡ ትውልዶች ጉርብትና ነበር።

ይህ ውርስ በሰውነት ላይ ምን ይሠራል የሚለውን እርስዎ ባይጠይቁም ሰዎች ስለሚያወሩት በአጭሩ ላንሳው። አብዛኛው ምንም አይሠራም። ጎጂ የነበረው በመጀመሪያዎቹ ትውልዶች ተጠርጓል፤ በኤክስ ክሮሞዞም ላይ የኒያንደርታል ቁራጭ እጅግ የሚያንሰውም ከዚሁ ጋር በተያያዘ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። የቀረው በቆዳ፣ በጸጉርና በተለይ ሰውነት በሽታን በሚከላከልበት ሥርዓት ላይ ይታያል። በኮቪድ ዘመን በሦስተኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኝ አንድ የኒያንደርታል ቁራጭ ሕመሙን እንደሚያባብስ ተረጋግጧል፤ ከደቡብ እስያ ሰዎች ግማሽ ያህሉ፣ ከአውሮፓውያን ደግሞ 16 ከመቶ ገደማ ይህን ይሸከማሉ፤ በአፍሪካ እምብዛም አይገኝም። በሌላ በኩል በ12ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ ሌላ የኒያንደርታል ቁራጭ ከዚያው ሕመም በመጠኑ ይከላከላል። ስለዚህ «ብዙ ኒያንደርታል ያለው ይታመማል» ማለት አይቻልም፤ የሚወስነው ብዛቱ ሳይሆን የትኛው ቁራጭ እንደተወረሰ ነው። አልፎ አልፎ የሰሜን ተራሮቻችን ነዋሪዎች ቀጭን አየር የሚችሉት እንደ ቲቤት ሰዎች ከጥንት ሰው በወረሱት ነገር ነው ሲባል እሰማለሁ። የቲቤቶቹ ኢፓስዋን የሚባለው ዘረመል የመጣው ከሌላ ጥንታዊ ሕዝብ፣ ከዴኒሶቫኖች ነው፤ የእኛ ደገኞች ግን ያን ቅጂ ይዘው አይደለም ከፍታውን የለመዱት፤ በራሳቸው መንገድ ነው።

የእጅዎን ውጤት ሲያነቡ ደግሞ ሁለት ነገሮች ልብ ይበሉ። እንዲህ ያሉ ምርመራዎች መላውን ጂኖም አያነቡም፤ አስቀድሞ ከተመረጡ ቦታዎች ላይ የኒያንደርታል የሆነው ፊደል አለ ወይስ የለም ብለው ይቆጥራሉ። ቦታዎቹ ሲመረጡ በአብዛኛው አንደኛው መመዘኛ ፊደሉ በአፍሪካ የማይታይ ወይም እጅግ የማይዘወተር መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ምርመራው ከላይ የነገርኩዎትን ዜሮ በውስጡ ይዞ የተሠራ ነው። በእርስዎ ላይ የቆጠረው በተመላሾቹ በኩል የመጣውን ብቻ እንጂ ከጥንት ጀምሮ እኛ ከእነሱ ጋር የምንጋራውን ሁሉ አይደለም። ሁለተኛው ነገር፣ «ከደንበኞቻችን ከዚህን ያህሉ ትበልጫለሽ» ወይም «ታንሻለሽ» የሚለው ንጽጽር ነው። ደንበኞቹ በብዛት የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ስለሆኑ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ከግርጌ መሰለፉ አይቀርም። ከእህትዎ ወይም ከወንድምዎ ቁጥር ጋር ቢያስተያዩት የበለጠ ትርጉም ይኖረዋል፤ የአንድ እናትና አባት ልጆችም ቢሆኑ የተለያየ ቁጥር እንደሚያገኙ ያያሉ።

ወደ ልጅዎ ልመለስ። ግማሹን ከእርስዎ፣ ግማሹን ከአባቷ ስለምትወስድ ቁጥሯ በሁለታችሁ መካከል ይሆናል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነው፤ በትክክል መሐሉ ላይ ግን አያርፍም፤ ከየትኛው ክሮሞዞም የትኛው ክፍል እንደሚደርሳት የሚወስነው ዕጣ ነውና። ከእርስዎ የምትወርሳቸው የኒያንደርታል ቁራጮች አንዳንዶቹ ከአባቷ ከምትወርሳቸው ጋር የሚገጥሙ ይሆናሉ፤ ከ50,000 ዓመት ገደማ በፊት ከአንድ አያት ተነሥተው፣ አንዱ በጀርመን በኩል፣ ሌላው በኢትዮጵያ በኩል ዞረው በእሷ ላይ ይገናኛሉ። አንድ ነገር ግን ሳይመረመር ሊነገር ይችላል። ሚቶኮንድሪያዋን የምትወስደው ከእርስዎ ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬም በሕይወት ካሉ ሰዎች መካከል የኒያንደርታል ሚቶኮንድሪያ የተገኘበት አንድም ሰው የለም።